ጎልፍ ሜዳ በድሮን ስትቀርጹ ዝቅ በሉ

የመጀመሪያውን የጎልፍ ሜዳ ቪዲዮዬን አልሰረዝኩትም። ላፕቶፔ ውስጥ አለ። በራሴ ስኩራራ ከፍቼ አየዋለሁ።

እኩለ ቀን ላይ ነው የቀረጽኩት። ድሮኗን 100 ሜትር ላይ ሰቀልኳት፣ ካሜራውን ወደ ታች ደፋሁ፣ ከዳር እስከ ዳር ነዳኋት። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ሣሩ ለምለም ነው። ምስሉ ንቅንቅ አይልም። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል ብዬ ለክለቡ ሥራ አስኪያጅ በኩራት አሳየሁት። ሰውየው እስከ መጨረሻው ዝም ብሎ አየና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«ዳገቱ የት ሄደ?»

እውነትም ዳገቱ የለም። ቦርሳዬን ተሸክሜ ስወጣው ሁለት ጊዜ ቆሜ የተነፈስኩበት ዳገት፣ ቪዲዮው ላይ እንደ ምንጣፍ ተዘርግቷል። ሒሳቤን ከፈሉኝ። ቪዲዮውን ግን የትም አላወጡትም።

ጎልፍ አልጫወትም። ዱላውንም በትክክል መያዝ አልችልም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ብዙ ሜዳ ቀርጫለሁ፣ አብዛኛውንም የተማርኩት አበላሽቼ ነው። ይህን የምጽፈው ድሮን ማብረር ለሚችል፣ ጎልፍ ሜዳ ላይ ግን ቆሞ ለማያውቅ ሰው ነው።

ከማብረራችሁ በፊት በእግራችሁ ሂዱ

ሙሉ ጎልፍ ሜዳ 18 ሆል አለው። እያንዳንዱ ሆል መነሻ አለው፣ ቲ ይሉታል። ከዚያ አጠር ተደርጎ የታጨደው መንገድ ይመጣል፣ ፌርዌይ ነው። ከፌርዌዩ ግራና ቀኝ ረዘም ያለው ሣር ራፍ ይባላል። የአሸዋ ጉድጓዶቹ ባንከር ናቸው። መጨረሻ ላይ እንደ ጨርቅ የለሰለሰው ሣር ግሪን ነው፤ ባንዲራውና ቀዳዳው ያሉት እዚያ ላይ ነው። የቀዳዳው ስፋት 108 ሚሊ ሜትር ነው፣ የትም አገር ያው ነው። ፓር 3፣ ፓር 4፣ ፓር 5 የሚባለው ደግሞ ጎበዝ ተጫዋች ሆሉን በስንት ምት ይጨርሰዋል ተብሎ እንደሚጠበቅ ነው። ለሥራችን ይህ ይበቃል።

የማይበቃው ሆሉ ምን እንደሚጠይቅ አለማወቅ ነው። ይህን ያስተማሩኝ የሣሩ ኃላፊ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ያንኑ ሜዳ እንደገና ልቀርጽ ስመለስ ድሮኗን ከሻንጣዋ እንዳወጣ አልፈቀዱልኝም። አንድ ፓር 4 መነሻ ላይ አቆሙኝና «ምን ይታይሃል ልጄ?» አሉኝ።

«ሣር፣ ጋሼ።»

«ሌላስ?»

«ባንከር። በግራ በኩል።»

«እሱ ባንከር ለምን እዚያ ተቆፈረ?»

ዝም አልኩ። እሳቸው በከዘራቸው እየጠቆሙ አስረዱኝ። በግራ በኩል፣ ባንከሩን አሻግሮ የመታ ሰው ወደ ግሪኑ ያለው መንገድ ክፍት ነው። ፈርቶ ወደ ቀኝ የመታ ሰው ደህና ነው፤ ቀጣዩ ምቱ ግን ይረዝማል፣ ዛፍም ይጋርደዋል። ሆሉ የሚጠይቀው ይህን ነው፦ ትደፍራለህ ወይስ ትዞራለህ? እኔ ደግሞ ያንን ባንከር ከ100 ሜትር ላይ ነጭ ነጥብ አድርጌው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ማስታወሻ ደብተር ይዤ 18ቱንም በእግሬ እሄዳለሁ። ለእያንዳንዱ ሆል አንድ ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ። «4ኛ፦ ውሃውን ልሻገር ወይስ ልዙር?» «11ኛ፦ ግሪኑ ወደ ኋላ ያዘቀዝቃል፣ ከፊት ሲያዩት አያስታውቅም።» «15ኛ፦ ምንም የለውም፣ ዛፎቹ ግን ያምራሉ።» እንዲህ ያለም ይገጥማል፣ አትጨነቁ። ያቺ ዓረፍተ ነገር ሾቱን ትወስንላችኋለች። የ4ኛው ጥያቄ ውሃው ከሆነ ድሮኗ በውሃው ላይ ማለፍ አለባት። የ11ኛው ምስጢር ከኋላ ከሆነ ግሪኑን አልፋችሁ ዞራችሁ ማሳየት አለባችሁ።

አሜሪካ ውስጥ ቲፒሲ ሶግራስ የሚባል ሜዳ አለ፤ 17ኛው ሆሉ ዝነኛ ነው። ርቀቱ 125 ሜትር ገደማ ነው፣ ለፓር 3 አጭር የሚባል። ግሪኑ ግን ውሃ መሀል ነው ያለው፤ ከአንዲት ቀጭን መተላለፊያ በቀር ዙሪያውን ውሃ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ግሪን ቀጥታ ከአናቱ ብትቀርጹት ቆንጆ ፖስት ካርድ ይወጣችኋል። ፍርሃቱ ግን አይታይም። ፍርሃቱ የሚታየው ከመነሻው ኋላ፣ ከሰው ቁመት ትንሽ ከፍ ብላችሁ ውሃውን ከፊት ስታስቀድሙት ነው።

ፈቃድና ስልክ ቁጥር

ሕጉን ባጭሩ። አውሮፓ ውስጥ በተለመደው ምድብ ከ120 ሜትር በላይ አይወጣም፤ አሜሪካም 400 ጫማ ነው፣ ያው 120 ሜትር ገደማ። ሌሎች ብዙ አገሮችም እዚያው አካባቢ ናቸው። ድሮኗ ከዓይናችሁ መራቅ የለባትም። ከሰው አናት ላይ አይበረርም። ከ250 ግራም በታች የሆኑት ድሮኖች በብዙ ቦታ ቀለል ያለ ደንብ አላቸው፤ ቀለል ያለ ማለት ግን የለም ማለት አይደለም። በክፍያ የምትሠሩ ከሆነ ፈቃድ የሚጠይቅ አገር ብዙ ነው። ያላችሁበትን አገር የአቪዬሽን መሥሪያ ቤት ደንብ አንብቡ፣ የበረራ ካርታውንም ተመልከቱ። ጎልፍ ሜዳ ሰፊ ቦታ ስለሚወድ ከከተማ ዳር፣ አንዳንዴም ከኤርፖርት አጥር ሥር ታገኙታላችሁ።

ከክለቡ የጽሑፍ ፈቃድ ያዙ። ከፌርዌዩ ዳር መኖሪያ ቤቶች ካሉ ክለቡ አስቀድሞ እንዲነግራቸው ጠይቁ። ጠዋት በፒጃማ በረንዳው ላይ የቆመ ሰው ድሮን ሲያይ ስለ ጎልፍ አያስብም።

ከወረቀቱ በላይ የሚጠቅማችሁ ግን የሣሩ ኃላፊ ስልክ ቁጥር ነው። የሚከተሉትን ጠይቁት። ግሪኖቹ መቼ ነው የተበሱት? ሣሩ እንዲተነፍስ በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ በማሽን ይበሱትና አሸዋ ይነሰንሱበታል፤ እስኪያገግም ድረስ ፊቱ የፈንጣጣ ጠባሳ ይመስላል። ያን ሰሞን አትሂዱ። ፌርዌዩ ከቀረጻው በፊት ባለው ቀን መታጨድ ይችላል ወይ? ባንከሩ ተጠርጎ ያድራል ወይ? የመጀመሪያዎቹ ተጫዋቾች በስንት ሰዓት ይጀምራሉ? ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ውሃው በስንት ሰዓት ነው የሚከፈተው?

የመጨረሻዋን ጥያቄ ሳልጠይቅ ሄጄ አውቃለሁ። ድሮኗን ከግሪን አጠገብ ላሳርፍ አንድ ሜትር ሲቀረኝ ከሣሩ ውስጥ ብረት ብቅ አለ። «ፍስስስ» አለ። የውሃ መርጫው ራስ መሬት ውስጥ ተቀብሮ ነው የሚቀመጠው፣ ካልሠራ አታዩትም። እኔ እንደበሰበስኩ ይቅር፣ ድሮኗን ጃኬቴ ውስጥ ሸጉጬ ስሮጥ የሣር ሠራተኞቹ በሳቅ ሊሞቱ ነበር።

ብርሃኑ ከጎን ይምጣ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ መሄድ ካለባችሁ ይህን ያዙ። የጎልፍ ሜዳን ጉብታና ስርጉድ የሚያሳየው ካሜራው አይደለም፤ ጥላው ነው። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአናት ስለሆነች ጥላ የለም፣ ጥላ ከሌለ ጉብታ የለም። የእኔ ዳገት የጠፋው እንደዚያ ነው። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ባለው አንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ፣ ማታ ደግሞ ልትጠልቅ አንድ ሰዓት ተኩል ሲቀራት፣ ብርሃኑ መሬቱን እየላሰ ያልፋል። ያን ጊዜ የአንድ ጣት ያህል ከፍታ እንኳ ጥላ ይጥላል።

ፀሐይዋ ከጀርባችሁ ብትሆን ጥላው ከነገሩ ኋላ ይደበቃል፣ ምስሉ ጠፍጣፋ ይሆናል። ከፊታችሁ ብትሆን ሌንሱ ውስጥ ትገባለች። ከጎን ወይም ከጎን ትንሽ ወደ ኋላ ስትሆን ነው የሚሠራው። ችግሩ 18ቱ ሆሎች ወደ 18 አቅጣጫ መዞራቸው ነው። ስለዚህ የሜዳውን ካርታ አትሙና በእያንዳንዱ ሆል ላይ ከመነሻ ወደ ግሪን ቀስት ሣሉ። ከዚያ የጠዋቷንና የማታዋን ፀሐይ አቅጣጫ ምልክት አድርጉ። ሰን ሰርቬየርን የመሰሉ መተግበሪያዎች ፀሐይ በየትኛው ሰዓት የት እንደምትሆን ያሳያሉ። ቀጥታ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ሆል ጠዋት አይቀረጽም፣ ለማታ አቆዩት፤ ፀሐይዋ ከጀርባ ብትሆንም ሌንሱ ውስጥ ከምትገባ ይሻላል። በአንድ ጠዋት 18ቱንም እጨርሳለሁ የሚል ሰው ግማሹን አበላሽቶ ይመለሳል። እኔ ሁለት ጠዋትና አንድ ማታ ነው የምጠይቀው።

ስለ ሣሩ መስመሮች አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው ቀለም የተቀቡ ይመስለዋል። ማጨጃው ሲያልፍ ሣሩን ወደ ሄደበት አቅጣጫ ያጋድመዋል። ከእናንተ ወዲያ ያጋደለው ሣር ብርሃን ስለሚመልስ ነጣ ይላል፤ ወደ እናንተ ያጋደለው ይጠቁራል። ስለዚህ ያንኑ ፌርዌይ ከመነሻው ስታዩትና ከግሪኑ ዞራችሁ ስታዩት መስመሮቹ ቦታ ይለዋወጣሉ። ኤዲት ላይ ሁለቱን አቅጣጫ እያቀላቀላችሁ ብትቆርጡ ተመልካቹ ምክንያቱን ሳያውቅ ግር ይለዋል።

ጤዛም አለ። ጤዛ ያረፈበት ግሪን በጎን ብርሃን ብር ይመስላል። ግን ማንም ሳይረግጠው መቅረጽ አለባችሁ። አንድ ጠዋት ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ደርሼ ባንዲራው ቀጥ ብሎ መቆሙን ላረጋግጥ ግሪኑን አቋርጬ ሄድኩ፣ ተመለስኩ። ከዚያ ድሮኗን አስነስቼ ቀረጽኩ። ማታ ትልቅ ስክሪን ላይ ስከፍተው ከግሪኑ ዳር እስከ ባንዲራው የጫማዬ ኮቴ አንድ በአንድ ተደርድሯል። ሄዷል፣ ቆሟል፣ ተመልሷል። ሌባ የገባበት ቤት ነው የሚመስለው። ባንዲራ ማስተካከል ካስፈለገ ወይ ከቀረጻው በኋላ፣ ወይ የሣር ሠራተኞቹ ጤዛውን ጠርገው ግሪኑን ካጨዱ በኋላ ነው።

ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ይዋሻል

አሁን እናብር። ዋናው ሾት ከመነሻ ወደ ግሪን የሚደረገው ጉዞ ነው። ከመነሻው ኋላ አሥር ሜትር ያህል ራቅ ብላችሁ፣ ከመሬት ሦስት አራት ሜትር ከፍ ብላችሁ ጀምሩ። ተጫዋቹ የሚያየውን ያህል ይታይ። ሁለት ሦስት ሴኮንድ ጠብቁ። ከዚያ እየተጓዛችሁ ቀስ በቀስ ወደ 12 ወይም 15 ሜትር ውጡ፣ ካሜራውን ከአድማስ በታች 15 ዲግሪ ገደማ አድርጉ። ፌርዌዩ ላይ ሰከን ብላችሁ በሴኮንድ 6 ሜትር ያህል ተጓዙ። ግሪኑ ሲቃረብ ፍጥነት ቀንሱ፣ ካሜራውን በዝግታ ወደ ታች ድፉ፣ ባንዲራውን መሀል አድርጋችሁ ሩብ ዙር ዙሩ። አበቃ። 380 ሜትር የሆነ ፓር 4 በዚህ ፍጥነት አንድ ደቂቃ ገደማ ይወስዳል።

ከ30 ሜትር በላይ የምወጣው የሜዳውን አጠቃላይ ቅርጽ ለማሳየት ብቻ ነው፣ ለጠቅላላው ቪዲዮ አንድ ወይም ሁለት ሾት። ሌላው ሁሉ ዝቅ ይላል። መጀመሪያ ላይ የሚያስፈራ ይመስላል፣ ለዓይን ግን ትክክለኛው ከፍታ ያ ነው። ቴሌ ሌንስ ያላቸው ድሮኖች አሉ፤ ካላችሁ ራቅ ብላችሁ ሞክሩት፣ ጉብታዎቹን አቀራርቦ ደራርቦ ያሳያል። ሰፊው ሌንስ ደግሞ ሁሉን ያራርቃል፣ ያሳጥራል።

አሁን ወደዚያ ዳገት ልመለስ። ሁለተኛ ጊዜ ስሄድ ዝቅ ማለት እንዳለብኝ አውቄያለሁ። ጎህ ቀዷል፣ ፀሐይ ገና አልወጣችም። ከመነሻው አስነሳኋት። ስክሪኑ 15 ሜትር ይላል። ወደ ፊት ነዳሁ። 15 ሜትር፣ 15 ሜትር፣ 15 ሜትር። ከዚያ ስክሪኑ ሣር በሣር ሆነ፣ ምስሉ ቆመ።

ድሮን የሚነግራችሁ ከፍታ ከተነሳችበት ቦታ ጀምሮ ነው፤ ከሥሯ ካለው መሬት አይደለም። ዳገቱ ከመነሻው 15 ሜትር ከፍ ይላል። ድሮኗ ቀጥ ብላ ሄደች፣ መሬቱ ተነስቶ ተቀበላት። መሰናክል የሚያዩት ሴንሰሮችስ? እነሱ ካሜራ ናቸው፣ ብርሃን ይፈልጋሉ። ጎህ ሲቀድ ደግሞ ብርሃን የለም። ሽማግሌው ራፉ ውስጥ ፈልገው አገኟት፤ ሁለት ክንፏ ተሰብሯል። በሁለት እጃቸው እንደ ቆሰለ ወፍ ይዘው አመጡልኝ። «ዳገቱን አገኘኸው?» አሉኝ።

ስለዚህ ሜዳውን በእግር ስትሄዱ ከፍታውንም ጻፉ። ግሪኑ ከመነሻው ምን ያህል ከፍ ወይም ዝቅ ይላል? ዘዴው ቀላል ነው። መጀመሪያ ቀረጻ ሳትጀምሩ ከፍ ብላችሁ ሆሉን ቃኙ። ዳገቱ ጫፍ ላይ ስትደርሱ ካሜራውን አግድም አድርጉና ዛፎቹን ተመልከቱ፤ የዛፉ ጫፍ ከስክሪኑ መሀል በላይ ከታየ ከእሱ በታች ናችሁ ማለት ነው። መንገዱን አስቀድማችሁ ምልክት አድርጋችሁ የምታበሩበት ዌይፖይንት የሚባለው አሠራር ያለው ድሮን ካላችሁ ለእያንዳንዱ ነጥብ ከፍታውን ለየብቻ ስጡት። ወደ ቤት መመለሻ ከፍታውንም ሜዳው ላይ ካለው ረጅሙ ዛፍ በላይ አድርጉት። እዚያም ላይ ቁጥሩ የሚቆጠረው ከመነሻችሁ ነው። የምትነሱት ከሸለቆ ውስጥ ከሆነ ጨመር አድርጉ። ቀጫጭን ቅርንጫፍና ሽቦ በቀን ብርሃንም ቢሆን ሴንሰሩ ላያየው ይችላል። ውሃ ላይ ዝቅ ብላችሁ ስትበሩም ወደ ታች የሚያዩት ሴንሰሮች ይምታታባቸዋል፣ ስለዚህ እጃችሁን ከሪሞቱ አታንሱ።

የሚታጠፉ ሆሎች ሌላ ጣጣ ናቸው። ፌርዌዩ ወደ ግራ ሲታጠፍ ድሮኗም መታጠፍ አለባት፣ እንደ ታክሲ ግን ድንገት አይደለም። ከመታጠፊያው 30 ሜትር ቀድማችሁ ጀምሩ። ሴቲንግ ውስጥ የመዞሪያውን ፍጥነት ቀንሱት፣ ካሜራውን ይዞ የሚያዞረውን የጊምባሉንም እንዲሁ። ሲኒ የሚባለው ዝግተኛ ሁነታ የተሠራው ለዚህ ነው። እጄ ገና ሳይፈታ አንድን የታጠፈ ሆል ሰባት ጊዜ ነው የደገምኩት።

ባትሪ እንቁጠር። የ18 ሆል ርዝመት ወደ 6 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በሴኮንድ 6 ሜትር ስትሄዱ የቀረጻው ጉዞ ብቻ 17 ደቂቃ ነው። መመለሱ ሌላ 17። ሁለት ሁለት ጊዜ ብትቀርጹ ከአንድ ሰዓት አለፋችሁ። ሳጥኑ ላይ ከ30 ደቂቃ በላይ ይላል፤ ያ ነፋስ በሌለበት፣ ባትሪው ባዶ እስኪሆን ነው። እኔ ለአንድ ባትሪ 20 ደቂቃ ነው የምቆጥረው፣ 30 በመቶ ሲቀር እመልሳታለሁ። ስድስት ባትሪ ይዤ እሄዳለሁ። ጠዋት ብርድ ስላለ ባትሪዎቹን ጃኬቴ ውስጥ አደርጋቸዋለሁ፤ የቀዘቀዘ ባትሪ ድንገት ይከዳል።

ለመነሻና ለማሳረፊያ የሚታጠፍ ምንጣፍ ያዙ። እርጥብ ሣር ላይ ካስነሳችኋት የታጨደው ሣር ብናኝ ሞተሩ ውስጥ ይገባል። ከባንከር አጠገብ ደግሞ አሸዋ። የጎልፍ መኪና መንገዱ ካለ እሱ ይሻላል፤ ኮምፓስ የምታስተካክሉ ከሆነ ግን ከመኪኖቹና ከብረት ራቁ። ግሪን ላይ አታሳርፉ። በፍጹም። እዚያ ሣር ላይ የሠራተኞቹ ዕድሜ ነው ያለው።

ወፎች ከመጡ ወደ ላይ ውጡ። አብዛኛው ወፍ እያጠቃ ቀጥታ ሽቅብ መውጣት ይከብደዋል። ጎጆ ያለበት ዛፍ ካገኛችሁ ግን ሆሉን ትታችሁ ሂዱ።

ካሜራው

አውቶማቲክ ነገር ሁሉ ይጥፋ። ከሣር ወደ ነጭ አሸዋ፣ ከአሸዋ ወደ ውሃ ስትሻገሩ አውቶማቲኩ በየሴኮንዱ ሐሳቡን ይቀይራል፣ ሣሩ አንዴ ቢጫ አንዴ ሰማያዊ ይሆናል። የቀለሙን ሚዛን፣ ዋይት ባላንሱን፣ አንድ ቦታ ቆልፉት። ብርሃኑን ደግሞ በባንከሩ አሸዋ ለኩት። አሸዋው ከተቃጠለ ኤዲት ላይ አይመለስም፣ የጨለመ ዛፍ ግን ይነቃል። ሊቃጠል የደረሰውን ቦታ በመስመር የሚያሳየውን፣ ዚብራ የሚባለውን ማስጠንቀቂያ ክፈቱ።

በሴኮንድ 25 ፍሬም ስትቀርጹ ሻተሩ፣ ማለትም እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ፣ የሴኮንድ 1/50 ይሁን፤ አይኤስኦ የሚባለው የብርሃን ትብነት ደግሞ 100። ፀሐይ ከፍ ስትል ይህ የሚሆነው በኤንዲ ፊልተር ነው፤ ለሌንሱ የፀሐይ መነጽር ማለት ነው። ጎህ ላይ ያለ ምንም እጀምራለሁ፣ ቀጥሎ ኤንዲ 8፣ ቀጥሎ ጠቆር ያለው ኤንዲ 16። ፊልተር ከሌለ ሻተሩ ይፈጥናል፣ ዝቅ ብላችሁ ስትበሩም ሣሩ ዓይን ላይ ይንቀጠቀጣል። ሣር ለቪዲዮ ፋይል ከባድ ነገር ነው፣ ሚሊዮን ቅጠል በአንዴ ይንቀሳቀሳል። ከፍተኛውን የፋይል ጥራት ምረጡ፣ የካሜራውን ሻርፕነስ አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጉት። የውሃውን ነጸብራቅ የሚቀንስ ፖላራይዘር አለ፤ ድሮኗ ስትዞር ግን የውሃው መልክ እየተቀያየረ ያስቸግራል። እኔ ትቼዋለሁ።

ሰው ሲጫወት

ክለቡ ተጫዋች ያለበት ሾት ከፈለገ ተስማምተው የሚቆሙ ሁለት ሰዎች ጠይቁ። ያልተስማማ ሰው ላይ አታብሩ። ጎልፍ ላይ ሰው ሊመታ ሲል ሳል እንኳ ይታፈናል፤ የእናንተ ድሮን ደግሞ ንብ ናት።

ኳሷ 46 ግራም ገደማ ናት። ጎበዝ ተጫዋች በረጅሙ ዱላ ሲመታት በሰዓት ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ትነሳለች፣ ወደ 30 ሜትር ከፍታም ትወጣለች። ልብ በሉ፣ እናንተ የምትበሩበት ከፍታ ነው። ስለዚህ ከመቺው ኋላ ወይም በጎኑ ኋላ ሁኑ እንጂ ከፊቱ አትሁኑ። ሰማዩን ብቻ የሚያይ ረዳት አጠገባችሁ ይቁም። የእጅ ምልክት አስቀድማችሁ ተስማሙ፦ ረዳቱ እጁን ካላወረደ ማንም አይመታም። ግሪን ላይ ደግሞ ከኳሷ በላይ በጣም አትውረዱ፤ የክንፉ ነፋስ ያንከባልላታል፣ ከዚያ የጭቅጭቁን ነገር ተዉት።

ድምፁን ለየብቻ ቅረጹ። ብዙ ድሮን ድምፅ አይቀርጽም፤ ቢቀርጽም የሚሰማው ራሱን ብቻ ነው። ስልካችሁን ቀዳዳው አጠገብ አስቀምጡና ኳሷ ስትገባ ያለውን ድምፅ ያዙ። የማጨጃውን ድምፅ ከሩቅ፣ ወፉን ከቅርብ። ቪዲዮው ላይ ስታስገቡት ተመልካቹ ድሮን መኖሩን ይረሳል።

ኤዲት ላይ አንድ ደቂቃ የፈጀውን ጉዞ ማንም አይቶ አይጨርስም። መነሻው ላይ ያለውን ዝግታ ተዉት፣ የፌርዌዩን መሀል አፍጥኑት፣ ባንከሩ ጋ ስትደርሱ መልሱት፣ ግሪኑን በእውነተኛ ፍጥነቱ አሳዩ። 25 ሴኮንድ ይበቃል። ሁሉም ሆል ከመነሻ ወደ ግሪን ይሂድ፣ ሁሉም በተቀራራቢ ከፍታ ይጀምር። ክለቦች ብዙ ጊዜ የሚፈልጉት 18 የተለያዩ ክሊፖችና አንድ አጠር ያለ ማስታወቂያ ነው። ፋይሎቹን በሆል ቁጥር ሰይሟቸው፣ የተቀረጹበትንም ቀን ጻፉ፤ በሚቀጥለው ዓመት ባንከር ሲጨምሩ ይደውሉላችኋል።

ክንፎቹን ቀይሬ በነጋታው ጠዋት ዳገቱን እንደገና ቀረጽኩት። ፀሐይ ከወጣች 20 ደቂቃ ሆኗታል፣ ብርሃኑ ከግራ ነው፣ ከመሬቱ 12 ሜትር። በነጻ ነበር፣ ማንም አልጠየቀኝም። ለሥራ አስኪያጁ ስልኬ ላይ አሳየሁት። ድሮኗ ከመነሻው ተነሳች፣ ዳገቱ ቀስ እያለ ስክሪኑን ሞላው፣ ግሪኑ ጠፋ፣ ከዚያ ከጫፉ ወዲያ ባንዲራዋ ብቅ አለች።

ሰውየው ስልኩን ከእጄ ወሰደ። ወደ ኋላ መልሶ ደግሞ አየው።

«ይቺ ናት» አለ፣ «ዘወትር እሑድ የምታቃጥለኝ።»